ጎማው ተቃና፤ ኮምፒዩተሩስ?

አንባብያን ሆይ፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምጽፈው ከትምህርት ይልቅ ወደ ንስሐ የሚያደላ ነው። ባለፈው ክረምት ለአጎቴ የሰጠሁት ምክር ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ባለፍሁት ነበር፤ ነገር ግን እስከ እንጦጦ ቁልቁለት ድረስ ሄዶ ሦስት ነፍስ ሊያጠፋ ጥቂት ቀረው።

አጎቴ ሾፌር ናቸው። በስልክ የሚጠራውን የታክሲ ሥራ ይሠራሉ። ከዱባይ በኩል በአሮጌነት የመጣች አንዲት ትንሽ መኪና አለቻቸው፤ እርስዋም ለቤተ ሰቡ እንደ እርሻ በሬ ናት። በሬው ካልዋለ እንጀራ የለም። መኪናዋ ከተገዛች ጊዜ ጀምሮ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስትሄድ መሪዋ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ይል ነበር፤ አጎቴም ለምደውት እንደ ጠባይዋ ቈጥረውታል። በሐምሌ ወር ግን የፊት ጎማዎቿ በአንድ ወገን ጠርዛቸው ብቻ እየተበላ መሄዱን አይተው ወደ አንድ ጋራዥ ወስደው አላይመንት አሠሩ። ሥራው እንዳለቀም ከዚያው ከጋራዡ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረደኝ» አሉኝ። «ጎማውን አስተካከሉልኝ፤ ሒሳቡንም ከፈልሁ። አሁን ደግሞ ይህ ልጅ የመሪው ሴንሰር እንደ ገና ዜሮ መደረግ አለበት፤ እሱ ለብቻው ይከፈላል ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ ሊበላኝ ነው?»

የፊዚክስ መምህር ነኝና ጥያቄው ከእኔ አልፎ ወደ ሌላ መሄድ ያለበት አልመሰለኝም። የክፍል ውስጥ ድምፄን አውጥቼ፣ «ጋሼ፣ ጎማም መሪም ብረት ነው። ብረት በመፍቻ ይስተካከላል እንጂ በኮምፒዩተር አይስተካከልም። ይተዉት፤ ገንዘብዎን ሊወስድ ነው» አልኋቸው። አጎቴም አመስግነውኝ ወጡ።

በማግስቱ በዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። በትንሽ መኪና አምሳል የተሣለች፣ ከኋላዋም ሁለት የተጠማዘዘ መሥመር የሚከተላት ናት። አጎቴ ሲነግሩኝ፣ «የአሮጌ መኪና መብራት መቼ ጠፍቶ ያውቃል!» ብዬ አሣቅኋቸው። ከዚያ በኋላ መብራቷን በጥቁር ፕላስተር ሸፈኗት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በነሐሴ አንድ ማታ፣ አጎቴ አንዲት እናትና ትንሽ ልጇን ጭነው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ዝናብ ይጥል ነበር። መታጠፊያውን እንዳለፉ ጭነት የተሸከመች አህያ ድንገት መንገዱ ውስጥ ገባች። አጎቴ መሪውን ወደ ቀኝ ወረወሩት፤ አህያዋን ሲያልፉም ወደ ግራ መለሱት። የመኪናዋ የኋላ ጎማ ግን አልታዘዛቸውም፤ ሸርተት ብሎ ፊቷን ወደ መጣችበት አዞራትና የኋላ በሯ ከቦዩ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ልጁ «እማዬ፣ እንደ ገና እንዙር» አለ ብለው አጎቴ ሲነግሩኝ ሣቁ። እኔ ግን አልሣቅሁም። ያቺ በፕላስተር የተሸፈነች መብራት ምን ትል እንደ ነበር በዚያው ሌሊት ፈልጌ አነበብሁ።

መብራቷ፣ «መኪናዋ እንዳትሸራተት የሚጠብቃት መሣሪያ ሥራውን አቁሟል» ትል ኖሯል።

ይህ መሣሪያ በባዕድ ስሙ ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል ይባላል፤ እኛ ለዛሬው «ሚዛን ጠባቂ» እንበለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ከመርሴዲስ ቤንዝ ጋር ሠርቶ በመጀመሪያ በትልልቆቹና በውዶቹ መኪናዎች ላይ አወጣው። የሀብታም ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ግን አንድ አሳፋሪ ቀን ነው። በ1997 በጥቅምት ወር ቴክኒከንስ ቨርልድ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲሷን ትንሽ መርሴዲስ፣ ኤ ክላስ የምትባለውን፣ ሲፈትን መኪናዋ ተገለበጠች። ፈተናው መንገድ ላይ ድንገት የገባ ትልቅ አጋዘንን ለማለፍ መሪን በፍጥነት ወደ አንድ ወገን አዙሮ ወዲያው መመለስ ነበር። በእኛ አገር አጋዘኑን በአህያ ብንተካው አጎቴ በዚያ ማታ የተፈተኑት ፈተና ራሱ ነው። ኩባንያውም ኤ ክላስን ከዚያ በኋላ ያለ ሚዛን ጠባቂ አልሸጠም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሕግ ተሻገረ። የአሜሪካ መንግሥት በ2007 ባወጣው ደንብ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ሚዛን ጠባቂ እንዲኖረው አዘዘ፤ በአውሮፓ ኅብረትም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አንዲት መኪና ከሌላ ጋር ሳትጋጭ ብቻዋን ከመንገድ ወጥታ ወይም ተገልብጣ ሰው የሚሞትበትን አደጋ ይህ መሣሪያ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። እንግዲህ እኔ «ይተዉት» ያልሁት ይህን ነበር።

አሠራሩ ለቢሮ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። አንድ የቁጥጥር ሹም በጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘርግቶ ተቀምጧል እንበል። አንደኛው የትእዛዝ ደብዳቤ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ሪፖርት ነው። የትእዛዙ ደብዳቤ የሚመጣው ከመሪው ነው፤ ሾፌሩ መሪውን ምን ያህል ዲግሪ ወደ የት እንዳዞረ ይናገራል። ሪፖርቱ ደግሞ የሚመጣው በመኪናዋ ወለል አካባቢ ከተቀመጠ ሌላ ሴንሰር ነው፤ መኪናዋ በእርግጥ በምን ያህል ፍጥነት እየዞረች እንደ ሆነ ይገልጻል። ሹሙ፣ ማለት ኮምፒዩተሩ፣ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያስተያያል። ትእዛዙና ሥራው ከተስማሙ ዝም ይላል። ካልተስማሙ መኪናዋ እየተንሸራተተች ነውና አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። የመኪናዋ አፍንጫ አልታጠፍም ብሎ ወደ ውጭ ሲሄድ በመታጠፊያው ውስጠኛ ወገን ያለውን የኋላ ጎማ ይይዛል፤ ኋላዋ ሲያመልጥ ደግሞ በውጭ ወገን ያለውን የፊት ጎማ ይይዛል። የሰው እግር በአንድ ፔዳል አራቱን ጎማ በአንድነት ከመያዝ በቀር ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው የትእዛዙ ደብዳቤ በትክክል በመነበቡ ላይ ነው። የመሪው ሴንሰር ከመሪው ሥር በዘንጉ ዙሪያ የተቀመጠ ነው። በአንዳንዱ መኪና ክፍተት ክፍተት ያለው ቀለበት በብርሃን ፊት እየዞረ ይቈጠራል፤ በሌላው ደግሞ ማግኔት የተሸከሙ ትንንሽ ጥርሰኛ መዘውሮች ይዞራሉ። መሪ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ዙር ያህል ይዞራልና ሴንሰሩ ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ መለካት አለበት። ይሁን እንጂ ዋናው ቁም ነገር ዜሮው የት ነው የሚለው ነው። ባለሱቅ ስኳር ከመመዘኑ በፊት የሚዛኑ ቀስት ዜሮ ላይ መቆሙን እንመለከታለን። ቀስቱ ከዜሮ አልፎ ከቆመ እያንዳንዱ ኪሎ ሐሰት ነው፤ ሚዛኑ ግን አልተሰበረም።

አሁን ወደ አላይመንት እንምጣ። የመኪና ጎማዎች እንደ ሰው እግር ናቸው፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሊያፈነግጡ ይችላሉ። መካኒኩ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያስረውና ከመሪው ወደ እያንዳንዱ የፊት ጎማ የሚሄደውን ባለጥርስ ዘንግ እያጠበቀና እያላላ ሁለቱንም ጎማ ወደ ፊት እንዲያዩ ያደርጋል። በደንብ ከተሠራ ጎማው አንድ ወገን አይበላም፤ መኪናዋም ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ ሴንሰሩ ያለው በመሪው ዘንግ ላይ ነው እንጂ በጎማው ላይ አይደለም። ጎማው ወዴት እንደሚያይ አያውቅም፤ ከመሪው አቀማመጥ ይገምታል። የአጎቴ መኪና መሪ ለብዙ ጊዜ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነበር ብያለሁ። ከዚህ ቀደም አንድ ሰው መሪው እንዲሁ ጠሞ ሳለ፣ «ቀጥታ ማለት ይህ ነው» ብሎ ኮምፒዩተሩን አስመዝግቦታል። ስለዚህ ጠማማው ዜሮ ተባለ፤ ሁለቱ ጥፋቶች ተቻችለው ይኖሩ ነበር፤ መብራቱም አይበራም ነበር። በሐምሌ ወር ያ ወጣት መካኒክ ሥራውን በትክክል ሠርቶ መሪውን ቀጥ ሲያደርገው የኮምፒዩተሩ ዜሮ ብቻውን ጠማማ ሆኖ ቀረ። ብረቱ ስለ ተቃና ኮምፒዩተሩ ተሳሳተ።

ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል። ሰባት ዲግሪ ተኩል ነበር እንበል፤ ይህ በሰዓት ላይ የደቂቃ ቈጣሪው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚሄደው ነው። መሪ 15 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ ያህል ስለሚዞር በጎማው ላይ ግማሽ ዲግሪ ነው ማለት ነው። ማን ያየዋል? ነገር ግን ተማሪዎች እርሳሳችሁን አንሡ። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል 2 ሜትር ተኩል ርቀት ያላት መኪና ጎማዋ ግማሽ ዲግሪ ከዞረ 290 ሜትር ያህል ራዲየስ ባለው ክብ ላይ መሄድ አለባት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድም በየሰከንዱ ከ3 ዲግሪ በላይ መዞር ይኖርባታል። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የትእዛዙ ደብዳቤ «በየሰከንዱ 3 ዲግሪ ዙሪ» ይላል፤ ሪፖርቱ ደግሞ «ምንም አልዞርሁም» ይላል። ሹሙ ማንን ይመን?

እዚህ ላይ ነው የመኪናዎች ጠባይ የሚለያየው። አንዳንድ መኪናዎች ብልሆች ናቸው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጥቂት ከተነዱ በኋላ አራቱ ጎማዎች እኩል እየዞሩ መኪናዋም እንዳልታጠፈች አይተው ዜሮአቸውን ራሳቸው ያርማሉ። ለእነዚህ ለብቻው የሚከፈል ሥራ የለም። አንዳንዶቹ ሞተሩ እየሠራ መሪውን እስከ ግራ ጫፍ፣ ቀጥሎም እስከ ቀኝ ጫፍ አዙሮ መመለስን ብቻ ይጠይቃሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ የኮምፒዩተር መመርመሪያ ተሰክቶ፣ «አሁን ያለህበት ዜሮ ነው» ተብለው ካልታዘዙ አይሰሙም። የአጎቴ መኪና ከእነዚህ ናት።

ያልታረመ ሴንሰር ሁለት ዐይነት ጉዳት አለው። አንደኛው ኮምፒዩተሩ ደብዳቤውና ሪፖርቱ እንደማይስማሙ ሲያይ፣ «በማላምነው ደብዳቤ ፍሬን አልይዝም» ብሎ ሥራውን ሲተው ነው፤ ቢጫዋ መብራት ይህን ታስታውቃለች። ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ሚዛን ጠባቂው ግን የለም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ስሕተቱ ለመታወቅ ያነሰ ሲሆን መብራት አይበራም፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በአንዱ ወገን መታጠፊያ ላይ ያለ ጊዜው ፍሬን ሊይዝ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሊዘገይ ይችላል።

ሚዛን ጠባቂው ቢሠራ ኖሮ አጎቴ በዚያ ማታ አይሸራተቱም ነበር ብዬ አልምልም። ጎማ ከመንገድ ጋር ያለውን መያያዝ የሚጨምር ኮምፒዩተር የለም፤ በዝናብ ቁልቁለት ላይ የበዛ ፍጥነት ሁሉንም ያሸንፋል። ነገር ግን ያ መሣሪያ የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነበር፤ እኔም በዚያች ቅጽበት ከሥራው እንዲቀር ፈረድሁበት።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። ከአላይመንት በኋላ የመሪው ሴንሰር እንደ ገና መስተካከል አለበት ወይ? መልሱ «ሁልጊዜ» አይደለም፤ «በጭራሽ» ግን ፈጽሞ አይደለም። ሦስት ነገር መጠየቅ ያሻል።

መጀመሪያ፣ መኪናው ሚዛን ጠባቂ አለው ወይ? በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያሉ ብዙ የቆዩ ትንንሽ መኪናዎች የላቸውም። የመኪናውን ቁልፍ ሲከፍቱ መብራቶቹ ሁሉ ለጥቂት ሰከንድ ይበራሉ፤ በመካከላቸው ያቺ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ካልታየች መሣሪያው የለም ማለት ይቻላል። በሌለ መሣሪያ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው እርሱ በእርግጥ እያታለለ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጥታ የሚባለው ቦታ ተለውጧል ወይ? ከሥራው በፊት መሪው ጠሞ ከነበረና አሁን ከተቃና፣ ወይም የመሪው ማርሽ ከተለወጠ፣ ወይም መሪው ከዘንጉ ላይ ተነቅሎ ከተመለሰ ጥያቄው ይነሣል። የኋላ ጎማዎችም አቅጣጫ ከተነካ እንዲሁ ነው፤ የኋላዎቹ ወደ ጎን ካዩ መኪናዋን ቀጥ ለማድረግ መሪውን ዘንበል ማድረግ ግድ ይሆናልና።

ሦስተኛ፣ የመኪናው ሠሪ ምን ያዝዛል? ራሱን የሚያርም ነው ወይስ መታዘዝ የሚፈልግ? ይህን ለማወቅ ክርክር አያስፈልግም። መመርመሪያው ይሰካና ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ የመሪው ዲግሪ ስንት እንደሚል ይነበብ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከዜሮ የራቀ ከሆነ መታረም አለበት። ባለመኪናው ቁጥሩን በዐይኑ እንዲያይ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ቅን መካኒክም በዚህ አይቀየምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዜሮ ማድረግ የመጨረሻ ሥራ ነው እንጂ የአላይመንት ምትክ አይደለም። መሪው ጠሞ ሳለ ኮምፒዩተሩን «ቀጥታ ይህ ነው» ማለት የጠማማ ሚዛን ቀስት በእጅ ገፍቶ እንደ ማቆም ነው። መሪውን ከዘንጉ ነቅለው ቀጥ አድርገው የሚመልሱም አሉ፤ መሪው ቀና ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ማርሽ ግን እንደ ጠመመ ነው። መጀመሪያ የጎማው ንፋስ ይታይ፤ ቀጥሎ አላይመንቱ ይሠራ፤ መኪናዋ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ተነድታ መሪው ቀጥ ማለቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ ሴንሰሩ ይታረም።

መብራቷንም እንለይ። ለቅጽበት ብልጭ ብልጭ ስትል ሚዛን ጠባቂው ሥራ ላይ ነው፤ ፍጥነት ይቀነስ። ሳታቋርጥ ከበራች ግን መሣሪያው ወይ ተዘግቷል ወይ ተበላሽቷል። ፕላስተር መድኃኒቷ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ወደ ፊት እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በፊት መስተዋታቸው ላይ መንገድ የሚመለከት ካሜራም አላቸው፤ እርሱም እንደ መሪው ሴንሰር ቀጥታ የት እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

አጎቴን ይዤ ወደዚያው ጋራዥ ተመለስሁ። ወጣቱ መካኒክ መሪውን ቀጥ አድርጎ መመርመሪያውን ሰካና ቁጥሩን አሳየን፤ ከዜሮ በሰባት ዲግሪ ይርቅ ነበር። ትእዛዙን ሰጠ፤ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፤ አጎቴ ፕላስተሩን ሲልጡት መብራቷ ጠፍታለች። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«በሐምሌ ሌባ ነው ብዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

እርሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ምን ችግር አለው መምህር፤ ሰው ብረቱን ያያል፤ ቁጥሩን ማን አሳየው?» አለኝ።

አጎቴ እስከ ዛሬ በእኔ አላዘኑም። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት ደውለው ስለ ባትሪ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ አላውቅም፤ ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ጎሽ፤ አሁን ተማርህ» አሉኝ።